ልጄን «ሬድሸርት» አሉት፤ ምን አጥፍቶ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ዘንድሮ በፉትቦል፣ በአሜሪካኖቹ ኳስ፣ ሙሉ ስኮላርሺፕ አግኝቶ ኮሌጅ ገባ። ልናደርሰው የሄድን ቀን አያቱ ሳይቀሩ የትምህርት ቤቱን ቲሸርት ለብሰው ነበር። ባለፈው ሳምንት ደወለና «ማሚ፣ ኮቹ ሬድሸርት ሊያደርገኝ ነው» አለኝ። እሱ እቴ፣ ግድም ያልሰጠው። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። አንዲት የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ «እንደ ቀይ ካርድ ነው፣ ስኮላርሺፑን ሊወስዱበት ነው» አለችኝ። ደግሞ ሁለት ቅዳሜ ሜዳ ሲገባ በቴሌቪዥን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ምን አጥፍቶ ነው? ዓመቱስ ተቃጠለ ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እንቅልፍሽን ተኚ። ልጅሽ ምንም አላጠፋም። ቀይ ካርድ የእኛው እግር ኳስ ነገር ነው፤ እዚህ አገሩም አይደለም። ጓደኛሽ ክፉ አስባ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ስለ ስኮላርሺፕ እሷን ሳይሆን ልጅሽ የፈረመውን ወረቀት ጠይቂ። ወደዚያ እመጣለሁ።

በዲቪዚዮን 1፣ ማለትም በኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ፣ የሚጫወት ተማሪ ላይ ሁለት ቆጠራ አለ። አንዱ የዓመት ነው። የሙሉ ጊዜ ተማሪ ሆኖ ኮሌጅ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ 5 ዓመት ይሰጠዋል። ሌላው የሲዝን ነው። በነዚያ 5 ዓመታት ውስጥ መወዳደር የሚችለው 4 ሲዝን ነው። ስለዚህ አንድ ዓመት ትተርፋለች። ሬድሸርት የሚሉት ያቺን የተረፈችውን ዓመት መጠቀምን ነው። ልጁ ከቡድኑ ጋር ይለማመዳል፣ ጂም ይገባል፣ ይማራል፣ ስኮላርሺፑም ይከፈላል። ሲዝኑ ብቻ አይቆጠርበትም።

የ5 ዓመቱ ሰዓት ግን አይቆምም። ዲሲ መሃል መኪና ያቆመ ሰው ሁሉ የፓርኪንግ ሜትርን ጸባይ ያውቃል፤ መኪናው ውስጥ ብትቀመጪም፣ ሱቅ ብትገቢም ይቆጥራል። ልጁ ትምህርት ቢያቋርጥም፣ ኮሌጅ ቢቀይርም እንደዚያው ነው። እንደ ውትድርና፣ የሃይማኖት ተልእኮና እርግዝና ያሉ ጥቂት ምክንያቶች ካልሆኑ በቀር ሰዓቱን የሚያቆመው የለም።

አሁን ወደ ቴሌቪዥኑ እንምጣ። ዱሮ ቢሆን መደንገጥሽ ልክ ነበር። አንድ ልጅ አንዴ ሜዳ ከረገጠ ሲዝኑ ሄደ፤ ተጎድቶ ካልሆነ በቀር መመለሻ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2018 የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤን ሲ ኤ ኤ ደንቡን ለወጠና ፉትቦል ተጫዋች እስከ 4 ጨዋታ ድረስ ገብቶ ሲዝኑ ሳይቆጠርበት እንዲቀር ፈቀደ። አራቱ ተከታታይ እንዲሆኑ ግዴታ የለም። የመስከረም ሁለት፣ የኅዳር ሁለት ቢሆንም ያው ነው። ልጅሽ ሁለት ተጠቅሟል፣ ሁለት ይቀሩታል። ከ2024 ወዲህ ደግሞ ከመደበኛው ሲዝን በኋላ የሚደረጉት የኮንፈረንስ ሻምፒዮና፣ የቦውልና የፕሌይኦፍ ጨዋታዎች ከአራቱ አይቆጠሩም። ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ ቡድኑ ቦውል ከደረሰ ልጅሽን ሜዳ ላይ ብታዪው እንዳትጮኺ።

ማወቅ ያለብሽ ግን አንድ ነገር አለ። ጨዋታ የሚቆጠረው በደቂቃ አይደለም። ስልሳ ጊዜ ቢጫወትም አንድ ጊዜ ቢገባም እኩል አንድ ጨዋታ ነው። እኔ ለዓመታት የሠራሁት የተማሪ ስፖርተኞችን ብቁነት በሚከታተል የዩኒቨርሲቲ ቢሮ ውስጥ ነው። ሰኞ ጠዋት ቡናችንን ሳንጨርስ የቅዳሜውን ፊልም ከፍተን ማን እንደገባ በማልያ ቁጥር እንለቅማለን። በአንዱ ጨዋታ ቡድኑ በአርባ ምናምን ነጥብ እየመራ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አንድ ረዳት አሰልጣኝ «ልጁም ደስ ይበለው» ብሎ አንድ ፍሬሽማን፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ማለት ነው፣ ኪክኦፍ ላይ አስገባው። ልጁ እስከ ሜዳው መሃል ሮጠ፣ ማንንም ሳይነካ ተመለሰ። ከአሥር ሰከንድ አይበልጥም። አምስተኛ ጨዋታው ነበር። ፊልሙ ላይ ከጀርባው ቤተሰቦቹ ቆመው ሲያጨበጭቡ ይታያሉ። ቢሯችን ውስጥ ያንን ክፍል ደጋግመን አየነው፤ ቁጥሩ የሌላ ልጅ ይሆናል ብለን። የእሱ ነበር። ሲዝኑ በዚያው ሄደ።

ስለዚህ ልጅሽ ቁጥሩን ራሱ ይያዝ። ኮቹ ሥራ ይበዛበታል፣ ረዳቱ ይቀየራል። «ስንት ጨዋታ ተመዝግቦብኛል?» ብሎ የደንቡን መከበር የሚከታተለውን ኮምፕላያንስ ቢሮ መጠየቅ ነውር አይደለም። ማልያ ለብሶ ዳር መቆም አይቆጠርም፤ ከቡድኑ ጋር መጓዝም አይቆጠርም። የሚቆጠረው ኳሱ ሲነሳ ሜዳ ውስጥ መገኘት ነው።

ብዙ ወላጅ የሚስተው ሌላም ነገር አለ። ሬድሸርት በሲዝኑ መጀመሪያ ተፈርሞ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ኮቹ መስከረም ላይ «ሬድሸርት ነህ» ሊለው ይችላል። ሁለት ልጆች ሲጎዱ ጥቅምት ላይ ሐሳቡን ይቀይርና ያስገባዋል። ልጁ ሬድሸርት መሆኑ የሚታወቀው ሲዝኑ አልቆ ሲቆጠር ነው።

ለምን እሱን መረጡት ብትዪ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሰውነት ጉዳይ ነው። ልጅሽ 18 ዓመቱ ነው። ከፊቱ የሚቆመው 22 እና 23 ዓመት የሞላው፣ አራት ዓመት ብረት ሲያነሳ የኖረ ሰው ነው። ያንን ዓመት ክብደት ይጨምርበታል፣ የጨዋታ መጽሐፉን ያጠናበታል፣ በልምምድ ላይ ደግሞ የሚቀጥለውን ተጋጣሚ እየመሰለ ዋናዎቹን ያለማምዳል። ክብር የለውም፣ ግን ከሱ የወጡ ብዙ ናቸው። ጆኒ ማንዜል በ2011 ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ላይ ሬድሸርት ሆኖ ተቀመጠ፤ በ2012 የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሸለመውን የሄይዝማን ዋንጫን የወሰደ የመጀመሪያው ፍሬሽማን ሆነ። በዓመቱ የፍሎሪዳ ስቴቱ ጄሚስ ዊንስተን በዚሁ መንገድ ደገመው።

ለእኛ ቤት የሚሆነው ምሳሌ ግን ጆ ባሮው ይመስለኛል። ኦሃዮ ስቴት በ2015 ሬድሸርት አደረገው። ከዚያም ብዙውን ጊዜ ተጠባባቂ ነበር። እሱ ግን ክፍሉን አልተወም፤ በሦስት ዓመት ዲግሪውን ያዘ። ዲግሪ ስለነበረው በ2018 ወደ ኤል ኤስ ዩ ተዛውሮ ሁለት ሲዝን ተጫወተ፣ ማስተርሱን ሠራ፣ በ2019 ሄይዝማንን ወሰደ። ያቺ የተቀመጠባት ዓመት ባትቆጠብለት ኖሮ 2019 የሚባል ሲዝን አይኖረውም ነበር። ልጅሽ የአራት ዓመት ትምህርቱን በአራት ከጨረሰና አምስተኛው ዓመት ከተረፈው፣ ያ ዓመት የተከፈለበት የማስተርስ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ይህን ለአያቱ ንገሪያቸው። የገባቸው ያህል ደስ ይላቸዋል።

ስኮላርሺፑን በተመለከተ፣ ሬድሸርት መሆን በራሱ ስኮላርሺፕ አያስቀርም። ልጅሽ የፈረመው ወረቀት የአንድ ዓመት ነው ወይስ የብዙ ዓመት? አምስተኛውን ዓመት ይጨምራል? ይህ እዚያው ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ካልተጻፈ የለም። «ኮቹ እኮ እቤታችን መጥቶ እንጀራ በልቶ ቃል ገብቶልናል» የምትሉ ብዙ ናችሁ። ኮች ይባረራል፣ ሥራ ይቀይራል፤ የሚቀረው ወረቀቱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሜዳ አልገባም ማለት ክፍል አልገባም ማለት አይደለም። የፉትቦል ተጫዋች በመጸው ሴሚስተር 9 ክሬዲት ካላለፈ በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያዎቹን 4 ጨዋታዎች ያጣል። ሁለተኛ ዓመቱን ሲጀምር 24 ክሬዲት ሊኖረው ይገባል። ሦስተኛ ዓመቱን ሲጀምር ከዲግሪው 40 በመቶውን፣ አራተኛውን ሲጀምር 60፣ አምስተኛውን ሲጀምር 80 በመቶውን መጨረስ አለበት። ይህ የሚቆጠረው በትምህርት ዓመቱ ነው። በሚመጣው መስከረም ልጅሽ ሜዳ ላይ «ሬድሸርት ፍሬሽማን» ይባላል፤ ሬጅስትራር ዘንድ ግን ሁለተኛ ዓመት ነው። ስሙ ያዘናጋል፤ አትዘናጉ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። አማርኛዬ ብዙ ጥሩ አይደለም፣ እህቴ ናት የጻፈችልኝ። ኮሎራዶ ነው ያደግሁት። ሦስተኛ ዓመቴ ነው፣ ሬድሸርቴን አልተጠቀምኩም። ዘንድሮ 4 ጨዋታ ተጫወትኩ፤ በአምስተኛው ሳምንት ቦታዬን ሰጡብኝ። አሁን አልጫወትም ብዬ ሲዝኑን ማዳን እችላለሁ? ጓደኞቼ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ብቻ ነው ይላሉ።

መልስ፦ ልጄ፣ አማርኛህ ምንም አይልም፤ እህትህንም አመስግናት። ጓደኞችህ ተሳስተዋል። ደንቡ ፍሬሽማን ብቻ አይልም። ከ5 ዓመትህ ውስጥ በየትኛውም ልትጠቀምበት ትችላለህ።

አንተ ያሰብከውን ያደረገ በጣም የታወቀ ልጅ አለ። ኬሊ ብራያንት የክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ፣ ነበር። ደንቡ በወጣበት በዚያው በ2018፣ አራቱን የመጀመሪያ ጨዋታዎች እሱ ጀመረ። ከዚያ ቦታው ለፍሬሽማኑ ለትሬቨር ሎረንስ ተሰጠ። የመጨረሻ ሲዝኑ ነበር። አምስተኛውን ሳይጫወት ቡድኑን ለቀቀና በ2019 ለሚዙሪ ተጫወተ። ደንቡ አልተጣሰም። ክሌምሰን ደግሞ ያለ እሱ የ2018ቱን ብሔራዊ ሻምፒዮና በላ። ሁለቱንም አስብ።

እኔ አልፈርድብህም። አሰልጣኝ ቁጥር ይቆጥራል፣ ተጫዋችም መቁጠር መብቱ ነው። ግን ከመናገርህ በፊት ሦስት በር አንኳኳ። ኮምፕላያንስ ቢሮ ሄደህ ቁጥሩ በእርግጥ 4 መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጥ። የትምህርት አማካሪህን «ብዛወር ስንት ክሬዲቴን ይቀበሉልኛል?» ብለህ ጠይቅ፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሲዛወሩ ክሬዲት የሚጠፋባቸው ብዙ ናቸው፣ ያን ጊዜ የ60 በመቶው መስፈርት ያንቃል። ሦስተኛ፣ ገንዘብ የሚከፈልህ ከሆነ፣ ለስምህና ለምስልህ የሚከፈልም ይሁን ከ2025 ጀምሮ ትምህርት ቤቶች በቀጥታ የሚከፍሉት፣ ውሉን ጠበቃ ያንብበው። ቡድኑን ስትለቅ «ገንዘቡን መልስ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሊኖርበት ይችላል።

ደግሞ «አልጫወትም» እና «ቡድኑን ለቅቄያለሁ» አንድ አይደሉም። ልምምድ እየገባህ፣ ከኮቹ ጋር ተስማምተህ መቀመጥ ትችላለህ። ብዙ ኮች ደስ እያለው ይስማማል፤ የሚቀጥለው ዓመት ተጫዋች ነዋ የሚያተርፈው።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ ያለ ስኮላርሺፕ፣ ዎክ-ኦን በሚሉት ገብቶ ከስቴት ውጭ ባለ ዩኒቨርሲቲ ይጫወታል። ሬድሸርት አድርገውታል። እኔ ሙሉ ክፍያ እየከፈልኩ ልጁ ቁጭ ካለ፣ አውጥቼ አንድ ዓመት እዚህ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ባስተምረውና ሰዓቱን ባቆምለት አይሻልም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገንዘቡ ላይ እውነት አለህ፣ ሰዓቱ ላይ ግን የለህም። ኮሚኒቲ ኮሌጅም በሙሉ ጊዜ ከተመዘገበ 5 ዓመቱ ይሄዳል። ደግሞም የልጅህ ሰዓት መስከረም ላይ ተነስቷል፣ አይመለስም። ስለ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ዜና ሰምተህ ከሆነ፣ የቫንደርቢልቱ ዲዬጎ ፓቪያ ኤን ሲ ኤ ኤን ከስሶ በታኅሣሥ 2024 የፌዴራል ዳኛ ያገደለት የጁኒየር ኮሌጅ (የኮሚኒቲ ኮሌጅ) ውድድር ሲዝኑን እንዳይቆጥሩበት ነው። የአንተ ጉዳይ ከዚያ ጋር አይገናኝም።

ቀጥታ ልንገርህ። ስኮላርሺፕ ላለው ልጅ ሬድሸርት የተከፈለበት ተጨማሪ ዓመት ነው። ዎክ-ኦን ለሆነ ልጅ ግን አምስተኛው ዓመት በአባቱ ኪስ ነው። ከስቴት ውጭ ከሆነ ደግሞ ያማል። ከ2025 ጀምሮ ለተጫዋቾች በቀጥታ የመክፈሉን ስምምነት የተቀበሉ ትምህርት ቤቶች በፉትቦል የሚይዙት ቢበዛ 105 ተጫዋች ነው፤ የድሮው የ85 ስኮላርሺፕ ገደብ ደግሞ ተነስቷል። ይህ ለልጅህ በአንድ በኩል በር ይከፍታል፤ ኮቹ ከፈለገ ስኮላርሺፕ ሊሰጠው ይችላል። በሌላ በኩል ከ105 ውጭ የሚደረጉት መጀመሪያ እንደሱ ያሉት ናቸው። ልጁ ራሱ ሄዶ «በሚቀጥለው ዓመት ቦታዬ የት ነው?» ይበል። አንተ አትደውል። አባት ሲደውል አይወዱም፣ ልጁም ያፍራል። መልሱ እንደ ጉም የሚበን ከሆነ ልጁ በአራት ዓመት ተመርቆ ይውጣ፤ አምስተኛውን ዓመት የመጠቀም ግዴታ የለበትም።

ጥያቄ፦ ከአትላንታ። የወንድሜ ልጅ ሃይስኩልን በ2.2 ጂፒኤ ጨረሰ። የጂም ጫማ ልገዛለት ነው። ዩኒቨርሲቲው «አካዳሚክ ሬድሸርት» አለው። ይህ ደግሞ ምንድን ነው?

መልስ፦ ይሄኛው ሌላ ነው፤ የኮቹ ምርጫም አይደለም። ዲቪዚዮን 1 በ16ቱ ዋና ዋና ኮርሶች ቢያንስ 2.3 ይጠይቃል። ከ2.0 እስከ 2.299 ያመጣ ልጅ ስኮላርሺፕ ሊቀበል፣ ሊለማመድም ይችላል፤ የመጀመሪያውን ዓመት ግን አንድም ጨዋታ አይገባም። አራት ጨዋታ የሚባለው ለሱ አይሠራም። የመጀመሪያውን ሴሚስተር 9 ክሬዲት ካላለፈ በሚቀጥለው ልምምዱም ይቀራል። ስለዚህ አጎትየው፣ የጂም ጫማ ልገዛለት ነው ብለህ ጽፈሃል፤ ገንዘቡን ለአስጠኚ አድርገው።

ጥያቄ፦ ከሚኒያፖሊስ። ወንድሜ ፍሬሽማን ነው። በሦስተኛው ጨዋታ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። በጉዳት ምክንያት ሲዝኑ እንዳይቆጠር የሚሰጠውን ሜዲካል ሬድሸርት ለማግኘት የት እናመልክት?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ማመልከት አያስፈልጋችሁም። ሦስት ጨዋታ ከአራት በታች ነው፤ ሲዝኑ በራሱ አልተቆጠረበትም። የሕክምና ማመልከቻው ለብዙ ፍሬሽማን ትርጉሙ የቀነሰው ለዚህ ነው። ወረቀቱን ግን እንዳትጥሉ። የጉዳቱን ቀን፣ የኤም አር አይ ውጤቱን፣ የቀዶ ጥገናውን ሪፖርት ያኔውኑ ቅጂ ያዙ። አያድርገውና ሌላ ሲዝንም በጉዳት ቢያጣ፣ ስድስተኛ ዓመት የሚጠየቀው ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሁለት ሲዝን መጥፋቱን በማስረጃ በማሳየት ነው። ከአራት ዓመት በኋላ የሐኪም ወረቀት ፍለጋ መሄድ ያደክማል። ሆስፒታሉ ስሙን ቀይሮ ይጠብቃችኋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ሯጭ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ መጥቼ በስኮላርሺፕ እማራለሁ። አሰልጣኜ በአገር አቋራጭ ሬድሸርት ልትሆን ነው አለኝ። እኔም 4 ውድድር መሮጥ እችላለሁ?

መልስ፦ አትችልም። አራት ጨዋታ የፉትቦል ደንብ ነው። አንተ የትምህርት ቤቱን ማልያ ለብሰህ አንድ ውድድር ከሮጥክ የአገር አቋራጭ ሲዝንህ ተቆጠረ። ለናንተ ያለው ጥቅም ሌላ ነው። አገር አቋራጭ፣ የቤት ውስጥ ትራክና የውጭ ትራክ ሦስቱም ለየብቻ ይቆጠራሉ። ስለዚህ በመጸው ተቀምጠህ በክረምትና በጸደይ ልትወዳደር ትችላለህ። በመጸውም ቢሆን መሮጥ ካማረህ ያለ ቡድን፣ በራስህ ስም መግባት ይቻላል፤ በራስህ ልብስ፣ በራስህ ትራንስፖርት፣ መመዝገቢያውንም ራስህ ከፍለህ። የቡድኑን ቫን እንዳትሳፈር። እግረ መንገዴን ብለህም ቢሆን።